የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን

ባለፈው ጥር እናቴ ቁም ሣጥኗን ለአናጢ ለመስጠት አስባ በውስጡ ያለውን ዕቃ ሁሉ አልጋ ላይ ስንደረድር፣ ከክት ነጠላዎቿ በታች፣ የውሃና የመብራት ደረሰኞች በላስቲክ ታስረው ከተቀመጡበት ጥግ፣ በስስ ካርቶን የተሸፈነች አንዲት ሲዲ ወጣች፤ አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋኋትም ጊዜ በመጀመሪያ የመጣብኝ ቁም ሣጥኑን የሞላው የጠጅ ሣርና የዕጣን መዓዛ ሲሆን፣ ከዚያ ሥር ግን የማተሚያ ቀለሟ ሽታ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይጠፋ ቆይቶኝ ነበርና፣ ልቡናዬ የቆምሁበትን ክፍል ትቶ ከዋናው ፖስታ ቤት፣ ከጥቅል መስጫው መስኮት ፊት ሄዶ ቆመ።

ያን ቀን ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጡት መነጽር ያደረጉ ሠራተኛ ጥቅሉን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁትና «ምንድን ነው ይኼ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።»

«ስንት ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም፤ በነጻ ነው የላኩልኝ።»

«ውጭ ዘመድ አለህ እንዴ?»

ዘመድ እንደሌለኝ፣ ላኪዎቹን እንደማላውቃቸው፣ እነሱም እንደማያውቁኝ በነገርኋቸው ጊዜ፣ ለእኔ አዝነው ይሁን በነገሩ ተገርመው አላውቅም፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ማኅተማቸውን መቱና ሰጡኝ። በሽፋኗ ላይ ሦስት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከላይ ሲታዩ የሚመስል ክብ ምልክትና «ኡቡንቱ» የሚል ስም ነበረባት። ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያውን የኡቡንቱ እትም ካወጣ በኋላ፣ እስከ 2011 ድረስ፣ አድራሻውን ለጻፈለት ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም ሀገር ቢኖር፣ የመላኪያውን ዋጋ ራሱ ችሎ ይህን የመሰለ ሲዲ ይልክ ነበር፤ እኔም የአጎቴን የፖስታ ሣጥን ቍጥር ጽፌ ስጠብቅ፣ እውነት ይመጣል ብዬ አልነበረም።

የዛሬ ወጣት የዚያን ስጦታ ክብደት እንዲረዳው ያን ጊዜ በከተማችን ፕሮግራም ማለት ምን እንደ ነበረ ማወቅ ይገባዋል። ፕሮግራም ማለት ከኮምፒውተር ቤት በ10 ብር ተገልብጦ የሚገዛ፣ መክፈቻ ቍጥሩ በእስክሪብቶ ከላዩ ላይ የተጻፈበት፣ ቫይረስ ከውስጡ የማይጠፋ ነገር ነበር፤ የሌላ ሰው ንብረት መስረቃችን መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ ቢነግረንም የሚከፈለው ዋጋ ከአባቶቻችን የወር ደመወዝ ይበልጥ ስለ ነበረ ምንም ባላደረግን። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ያ ፕሮግራም ዝግ ነበር፤ በውስጡ ምን እንደ ተጻፈ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለማየት መንገድ አልነበረንም። ይህች ሲዲ ግን፣ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ዓላማውን በአዋጅ ካሳወቀበት፣ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 የሊኑክስን የመጀመሪያ ሥራ ለሰው ሁሉ ካቀረበበት ጊዜ አንሥቶ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ሰዎች የደከሙበትን ሥራ ይዛ፣ ክፈተኝ፣ አንብበኝ፣ ብትወድ አስተካክለኝ፣ ለወዳጅህም አካፍለኝ ትል ነበር፤ ይህንንም የምትለው በልመና ሳይሆን በሕግ ቃል፣ በፈቃድ ደብዳቤዋ ላይ ተጽፎ ነው።

ከጫንኋት በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ተአምር ፊደላችን ነበር። በዚያ ዘመን አማርኛ ለመጻፍ ከየነጋዴው የሚገዙ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ለፊደሉ የራሱን ስውር ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ላቲን ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቍጥር ሥርዓት በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያን ፊደላትና ምልክቶች ሲቀበል ግን ይህ የባቢሎን ነገር መቆሚያ አገኘ፤ በመስኮቱ ጥግ «ፋይል» እና «እርዳታ» የሚሉት ቃላት በግእዝ ፊደል ጥርት ብለው በታዩኝም ጊዜ፣ ማን ጻፋቸው ብዬ ብፈልግ፣ የተርጓሚዎቹን ስም የያዘ ፋይል በዚያው በሲዲው ውስጥ አገኘሁ። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ለማግኘት ብዙ ዓመት መድከማቸውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሥራ የሠሪውን ስም በውስጡ ይዞ መዞሩ፣ ያም ሠሪ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊሆን መቻሉ፣ ከዚያ በፊት በኅሊናዬ መጥቶ አያውቅም።

ኢንተርኔት በቤታችን አልነበረም። ፒያሳ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ደረጃው በእንጨት የተሠራና ሲረግጡት የሚያቃስት አንድ ኢንተርኔት ካፌ ነበር፤ ሒሳቡ በደቂቃ 25 ሳንቲም ሲሆን፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ የጄኔሬተሩ ጢስ በመስኮቱ ገብቶ ከማኪያቶው ሽታ ጋር ይደባለቅ ነበር። ደቂቃው ገንዘብ ስለ ሆነ እዚያ ተቀምጦ ማንበብ የለም፤ የአንዱን ፕሮግራም ኮድ በፍላሽ ገልብጬ ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ በቤትም ሌሊቱን፣ ኮምፒውተሩ ሲሞቅ የአቧራ ሽታ እየሸተተኝ፣ ያልገባኝን መስመር ሰባት ጊዜም ቢሆን እመላለስበታለሁ። የሚጠይቁት ሰው ስላልነበረ ኮዱን ራሱን መጠየቅ ግድ ሆነ። ዛሬ ያን ድህነት አልናፍቀውም፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚያው ምክንያት ቀርተዋል። ነገር ግን ከመጻፍ በፊት ማንበብን ያስተማረኝ ያ የደቂቃ ሒሳብ መሆኑን ልክድ አልችልም። ሕንጻው በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ በቅርቡ በዚያ ሳልፍ የደረጃውን ቦታ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ተሠርቶበታል፤ ማማሩንም አልነፍገውም።

የእውነተኛው ሥራ መጀመሪያ ግን አያቴ ናቸው። አያቴ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ባሕረ ሐሳብን በጣታቸው አንጓ የሚቈጥሩ ሰው ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ከእኛ ቤት ቡና ሲጠጡ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በጫንኋት የኢትዮጵያ ቀን መቍጠሪያ ላይ ዐይናቸውን ጣሉና «ይኼ ዕቃህ ዛሬን ምን ይላል?» አሉኝ። ተመለከትሁ፤ መስከረም 1 ቀን 2004 ይላል።

«አባባ፣ ዕንቍጣጣሽ ነው ይላል።»

«ዶሮውስ የታለ?» ብለው ሳቁና ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ዘመኑ ማን ነው?» አሉኝ። ዝም ብል እሳቸው ራሳቸው ቀጠሉ፤ «አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ፍዳ፣ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሦስት። ለአራት ክፈለው፤ ሦስት ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ እኩል ቢሆን ዮሐንስ። ጳጉሜን በሉቃስ ስድስት ናት። የሠራው ሰውዬ ሉቃስን አያውቅም።»

በእውነትም አያውቅም ነበር። ኮዱን ከፍቼ ባነበብሁት ጊዜ ጠቅላላው ነገር በአንዲት መስመር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ ጸሐፊው፣ የፈረንጁን የዘመን አቈጣጠር ልማድ ይዞ ይመስለኛል፣ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ዜሮ ሲሆን ጳጉሜንን ስድስት ያደርጋታል፤ ይኸውም ተጨማሪዋን ዕለት ከሉቃስ ነጥቆ ለዮሐንስ መስጠት ነው። ከዚህም የተነሣ መቍጠሪያው የዮሐንስን ዓመት ሙሉ በአንድ ቀን ቀድሞ ሲጓዝ ከርሞ፣ በሚመጣው ጳጉሜን ያለፈውን ቀን መልሶ ይከፍልና ሦስት ዓመት ደኅና ይሆናል፤ ስሕተቱ ተሰውሮ የኖረበት ምክንያትም ይኸው ነበር። የእኔ ሥራ እንግዲህ ያችን አንድ አኃዝ መለወጥ ነው፤ በዜሮ ፈንታ ሦስት። በማስተካከያው ፋይል ላይ የድሮው መስመር በመቀነስ ምልክት፣ አዲሱ በመደመር ምልክት ተጽፈው፣ አንዱ ከሌላው በታች ሲቀመጡ ማየት ያን ጊዜ የሰጠኝን ደስታ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ትልልቅ ነገር ሁሉ አልሰጠኝም።

ማስተካከያውን ላክሁ፤ መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ የፕሮግራሙ ጠባቂ፣ በኋላ እኛም ሜንቴነር ማለት የለመድነው ሰው፣ አመሰግናለሁም ጎበዝም አላለኝም። ስለ አራት ነገር ብቻ ጻፈልኝ፤ አንደኛው፣ ከተለወጠው መስመር ጋር ያለ ምክንያት የነካካኋቸውን ባዶ ቦታዎች እንድመልስ፤ ሌላው፣ በማስታወሻው ላይ ምን እንደ ለወጥሁ ሳይሆን ለምን እንደ ለወጥሁ እንድጽፍ፤ ደግሞም ወደ ኋላ በተጻፉ ቀኖች ላይ ምን እንደሚያስከትል እንዳስረዳ፤ ከሁሉም በላይ ግን ትክክለኛነቱን በራሱ የሚመረምር ቴስት እንድጨምር። እኔም ከ2000 እስከ 2003 ላሉት አራት ዓመታት አራት ቴስት ጻፍሁ፤ ስማቸውንም ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ አልኋቸው። እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፤ የአያቴን ሒሳብ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አብራራሁለት፤ ስሞቹ ይቆዩ፣ ማብራሪያውን ግን ከኮዱ በላይ ጻፈው አለኝ። ሥራዬን በተቀበለበትም ቀን ለአያቴ ብነግራቸው የጠየቁኝ «ሉቃስን ጻፍኸው?» ብለው ብቻ ነው።

ስለ ደብዳቤው ቅዝቃዜ ቅር ብሎኝ ሳለ ነገሩን የገለጡልኝም እሳቸው ናቸው። በቅኔ ቤት፣ አሉኝ፣ ተማሪ ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ በሚነግርበት ሰዓት መምህሩ የሚሰማው ልጁን ለማስደሰት አይደለም፤ ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን ለይቶ ያርማል፤ ተማሪውም ስለ ታረመ አያፍርም፤ የሚያፍረውስ መምህሩ ሰምቶ ዝም ያለው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማላውቀው ሰው፣ ምናልባትም በሌላ ሥራ ደክሞ የመጣ፣ እኔ የጻፍሁትን ዐሥር መስመር ነጥብ በነጥብ አንብቦ እዚህ ላይ ይጎድላል ሲለኝ፣ ከክብር ሁሉ የሚበልጥ ክብር መስሎ ይታየኝ ጀመር። በትምህርት ቤት ሳለሁ ኮዴን እንዲህ አድርጎ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም፤ የሚታየው ፕሮግራሙ መሥራቱ እንጂ አጻጻፉ አልነበረም።

እናቴ ግን በሌላ ዐይን ነበር የምታየው። አንድ ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ በሳሎኑ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ አገኘችኝና «ልጄ፣ ይኼ ሥራህ ደመወዝ አለው?» አለችኝ።

«የለውም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትሠራው?»

«ለማንም፤ ለሚጠቀምበት ሁሉ።»

ጥቂት ቆማ አሰበችና «እንግዲህ መብራቱን የምከፍለው እኔ ስለ ሆንሁ እኔንም በጸሎት ያስቡኝ» ብላ ገባች። ሰዎች ዛሬ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ የተከፈተ ሥራ፣ ለሁሉ እኩል የተከፈተ በር ነው ሲሉ ስሰማ ይህ ንግግሯ ትዝ ይለኛል። በሩስ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ወደ በሩ ለመድረስ የሚያበላና መብራት የሚከፍል ሰው ከበስተኋላ ያስፈልጋል፤ በእኔ ዘመን ከእኔ የላቁ ሁለት ጓደኞቼ ቤተሰብ መርዳት ስለ ነበረባቸው ወደ ሌላ ሥራ ገብተው ቀርተዋል። የእኔን መንገድ በችሎታ ብቻ የተገኘ አድርጌ ብናገር እናቴን መዝረፍ ይሆንብኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከቀን መቍጠሪያው ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ዳታቤዝ ተሻገርሁ፤ ከማስተካከል ወደ መጻፍ፣ ከመጻፍም የሌሎችን ሥራ ወደ ማንበብ ደረስሁ፤ አንድ የውጭ ኩባንያም ለሥራ ሲያነጋግረኝ ጠያቂዋ የዲግሪዬን ወረቀት ሳታይ፣ ከዓመት በፊት ለአንድ ሌላ ሰው ኮድ የጻፍሁትን አስተያየት አንሥታ «እዚህ ላይ ለምን አልተስማማህም?» ብላ ጀመረች። እነሆ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ከእነሱ ጋር እሠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ሥራዬ አልቆመም፤ ምክንያቱም ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት የሥራውን ታሪክ በሙሉ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ለብቻዬ ስጽፍና ስመዘግብ ሰንብቼ፣ መስመሩ በተከፈተ ቀን የሰነበተውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላክሁት።

አሁን ተራው ደርሶኝ የጥቂት ፕሮግራሞች ጠባቂ ሆኛለሁና፣ ነገሩን ከበሩ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ስድስት ኪሎ አጠገብ ካለ ካፌ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አግኝቶኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ሥራ የላከባቸውን ቀኖች የሚያመለክቱትን አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች አሳየኝና «ጋሼ፣ ስንት ሲሞላ ነው የሚቀጥሩኝ?» አለኝ። ሥራዎቹን ከፍቼ ባያቸው፣ እዚህ ነጥብ የጨመረ፣ እዚያ «እጅግ ግሩም ፕሮጀክት» ብሎ የጻፈ፣ አንዳቸውንም ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ጭኖ ያልሞከረ ነው። በእሱ ብቻ አልፈርድም፤ ሀክቶበርፌስት በተባለው የጥቅምት ወር ዘመቻ፣ ለአራት ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለጠባቂ ለሚቀርብ ማስተካከያ፣ አንድ ካናቴራ ይሰጥ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ2020፣ ከዓለም ሁሉ የጎረፈው ከንቱ ማስተካከያ ጠባቂዎቹን አስለቅሶ አዘጋጆቹ ደንቡን በመካከል እስኪለውጡ አድርሷል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን ሳያነቡ የሚልኩ መጥተዋል፤ ለምን እንዲህ አደረግህ ብለህ ስትጠይቅ መልሱም ከዚያው ማሽን ይመጣል። ከዚህ የከፋ መታለል የለም፤ የአንባቢው ድካም እውነተኛ ሆኖ ጸሐፊ ግን የለምና።

የከፋ የለም አልሁ እንጂ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጋቢት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስተኛ ብሎት ነገሩን ሲከታተል፣ ኤክስዜድ በተባለው በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ በሚገኝ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የምስጢር በር አገኘ። ያንን በር የቀበረው ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ደኅና ደኅና ማስተካከያ እየላከ፣ የደከመውን ብቸኛ ጠባቂ እያገዘ፣ እምነት አግኝቶ የጠባቂነቱን ቍልፍ እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ፤ እኔ በሄድሁበት መንገድ፣ በዚያው ትሕትናና በዚያው ትዕግሥት፣ እርምጃ በእርምጃ ሄዶበታልና። ያ ጠባቂ በብቸኝነት ባይተው፣ ሥራውን ከሚጠቀሙበት ባለጸጋ ኩባንያዎች አንዱ እንኳ ደመወዝ ቢቈርጥለት፣ ቍልፉን ለማያውቀው ሰው ለመስጠት ባልተቸገረም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥፋቱንም የማየው በእሱ ላይ አይደለም።

ለተማሪው ግን ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። በየቀኑ ከምትጠቀምበት ፕሮግራም አንዱን ምረጥ፣ አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳትልክ ኮዱን አንብብ፣ ከዚያ ያልገባህን ጠይቀኝ አልሁት፤ ቁጥር ባለመስጠቴ ቅር ብሎት ሄደ፤ በሁለተኛው ወር ግን አንድ ጥያቄ ላከልኝ፤ ጥያቄውም ጥሩ ነበር።

የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እናንተ አንባቢዎቼ ስልካችሁን አውጥታችሁ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳያችሁን ፕሮግራም ተመልከቱ፤ መስከረም 1 ቀን ካላችሁ ተሳስቷልና፣ ኮዱ ክፍት እንደ ሆነ የሚገኝበትን ፈልጋችሁ፣ የተሳሳተችውን መስመር ለይታችሁ፣ ከነቴስቷ ለጠባቂው ላኩለት።